አሜባዎች እንዴት ይሰማማሉ?

አሜባ ሲባል እኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ሆድ ነው። ክሊኒክ ሄደን፣ ሰገራ ሰጥተን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ውጤት ስንጠብቅ ቆይተን፣ "አሜባ ታይቶብሃል" ተብለን መድኃኒት ይዘን የተመለስን ብዙ ነን። እኔም ክፍል ገብቼ "የዛሬው ትምህርት ስለ አሜባ ነው" ስል ግማሹ ተማሪ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ላጥራው፤ የማወራላችሁ አሜባ ከዚያኛው ጋር በስምና በመልክ እንጂ በሥራ አይገናኝም። ይችኛዋ አፈር ውስጥ፣ በበሰበሰ ቅጠል ሥር የምትኖር፣ ባክቴሪያ እየበላች የምታድር፣ ሰው የማታሳምም ፍጥረት ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም ነው። ስሙ ምላስ ስለሚያስር እኔ "የአፈር አሜባ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ኬኔት ሬፐር የተባለ አሜሪካዊ በ1933 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከሰሜን ካሮላይና ጫካ በወሰደው የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው ያገኛት። ዘመዶቿ ግን ከቀዝቃዛው አገር እስከ ሐሩሩ ድረስ በብዙ የዓለም ክፍል፣ በጫካ አፈር ውስጥ ይገኛሉ።

ሰው የማታሳምም አሜባ ታዲያ ምኗ ያስወራል? ረሃብ ሲመጣ የምታደርገው ነገር። ባክቴሪያ ሞልቶ ሳለ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትበላለች፣ ለብቻዋ ለሁለት ትከፈላለች። ምግቡ ሲያልቅ ግን በሰዓታት ውስጥ እስከ 100,000 የሚደርሱ አሜባዎች ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ቦታ ይጎርፉና ተደራርበው አንድ አካል ይሆናሉ። አካሉ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ዛጎል የሌላት ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት የሚሳብ ነገር ነው። ቆይቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ቀጭን አገዳ ያወጣል፤ አገዳው አናት ላይ የስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር ክፉ ቀን የሚያሳልፉ ሕዋሳት፣ ኳስ ይሸከማል። ከአምስት አሜባዎች አንዷ ያህል አገዳውን ሠርታ እዚያው ትሞታለች። የቀሩት ስፖር ሆነው የተሻለ ቀን ይጠብቃሉ። ከረሃቡ እስከ ስፖሩ አንድ ቀን ገደማ ነው የሚፈጀው።

እንግዲህ አስቡት። እያንዳንዷ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ገደማ የምታህል፣ አንጎልም ጆሮም የሌላት ሕዋስ ናት። መቶ ሺህ የሚሆኑት እንዴት አንድ ቦታ ላይ ይስማማሉ? በአማርኛ "መስማማት" ከ"መስማት" መውጣቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ቃል በቃል ይሠራል። የሚስማሙት እርስ በርስ ስለሚሰሙ ነው። የሚሰሙበት ነገር የሕዋስ ተቀባይ ይባላል፤ የሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው።

የምኖረው ካራ ነው፤ ከኮተቤ አልፎ፣ ሰፈሩ አልቆ የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ። የውጭ በራችን ላሜራ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጠጠር ያነሣና ቋ ቋ ያደርጋል። ያን ጊዜ ቡቺ፣ ውሻችን፣ ይጮኻል፤ ልጄ ከቤት ሮጣ ትወጣለች፤ ባለቤቴ ከማድ ቤት "ማነው?" ትላለች፤ እኔ ጫማዬን እፈልጋለሁ። ግቢው በሙሉ ተነሣ ማለት ነው። ጠጠሯ ግን አልገባችም፤ ውጭ፣ በሰውየው እጅ ላይ ናት። የገባው መንኳኳቱ ብቻ ነው።

የሕዋስ ተቀባይም እንዲህ ነው የሚሠራው። ይህን የማስረግጠው መጽሐፎቻችን "ቁልፍና ጓጉንቸር" የሚሉት ምሳሌ ተማሪን ስለሚያሳስተው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አሳስቶኛል። ምሳሌው አንድ ነገር በትክክል ያስረዳል፤ ይህ ሞለኪውል ከዚህ ተቀባይ ጋር ብቻ ይገጥማል የሚለውን። ነገር ግን ቁልፍ የያዘ ሰው ከፍቶ ይገባል፤ እዚህ ጋ ማንም አይገባም። የውጩ ሞለኪውል ውጭ ቀርቶ፣ ከውስጥ የነበሩት የቤቱ ሰዎች ናቸው የሚንቀሳቀሱት። ከሽፋኑ ወዲያና ወዲህ ያሉት ነገሮች ሳይተያዩ ነው የሚነጋገሩት።

አፈር አሜባን የሚያንኳኳው ጠጠር ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጅቷል። ጆን ታይለር ቦነር በ1947 ያወጣው ሙከራ ቀላልነቱ ያስቀናል። አሜባዎች ወደ አንድ ማዕከል መሰብሰብ ሲጀምሩ ውኃ ቀስ ብሎ እንዲፈስባቸው አደረገ። ከማዕከሉ በታች፣ ውኃው በሚወርድበት በኩል ያሉት አሜባዎች ማዕከሉን አውቀው ወደ እሱ ሽቅብ ተሳቡ፤ ከላይ በኩል ያሉት ግን ቅርብ ሆነው ሳለ አላወቁትም። ጅብ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን እንደሚያሸት ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠራቸው ነገር በውኃ የሚሄድ ኬሚካል መሆን አለበት። ቦነር "አክራሲን" አለው። ኮኒን፣ ባርክሌይ፣ ቦነርና ባልደረቦቻቸው በ1967 ማንነቱን ሲደርሱበት ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሞለኪውል አዲስ አልነበረም። ኧርል ሰዘርላንድ በ1950ዎቹ አድሬናሊን ጉበትን እንዴት እንደሚቀሰቅስ ሲያጠና ያገኘው ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራው በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እኛ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ዋና ሥራው የቤት ውስጥ ሹክሹክታ ነው፤ አድሬናሊን ውጭ ያንኳኳል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ውስጥ ለውስጥ ወሬውን ያዳርሳል። አፈር አሜባ ግን ያንኑ አንድ ሞለኪውል ለሁለቱም ታውለዋለች። መንገድ ላይ የምትጮኸውም በእሱ ነው፣ ቤቷ ውስጥ የምታንሾካሹከውም በእሱ።

ደግሞ ይህን የምትሰማበት ጆሮ ሁልጊዜ የላትም። ጠግባ ሳለች የምትከታተለው ሌላ ጠረን ነው፤ ባክቴሪያዎች የሚለቁትን ፎሊክ አሲድ። አዎ፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዘዘው ያው ፎሊክ አሲድ ነው፤ ለአሜባ ግን የምግብ ሽታ ነው። ይህን የሚሰማው ተቀባይ በ2016 ነው ተለይቶ የታወቀው። ምግብ ሲጠፋና ዙሪያዋ በቂ ጎረቤት መኖሩን በሌሎች ምልክቶች ስታረጋግጥ፣ የሳይክሊክ ኤኤምፒ ተቀባይ የሚሠራውን ጂን ትከፍታለች። በጥጋብ ዘመን የምግብ ጆሮ፣ በረሃብ ዘመን የጎረቤት ጆሮ። ከሰው ጋር ላለማመሳሰል እየታገልኩ ነው።

ተቀባዩን ቀረብ ብለን እንየው። ስሙ ካር-1 ነው፤ ጂኑን የፒተር ዴቭሮትስ ቡድን በ1988 ለይቶ አወጣ። አንድ ረጅም የፕሮቲን ክር ነው፤ የሕዋሱን ሽፋን እንደ ጥልፍ ክር ሰባት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወጋዋል። ጥልፍ የሞከረ ሰው የሰባትን ምሥጢር ወዲያው ያውቀዋል። ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ክሩ የጀመረበትና ያለቀበት ጫፍ በተለያየ ገጽ ላይ ይውላሉ፤ አንዱ ጫፍ ውጭ፣ ሌላው ጅራት ሆኖ ውስጥ ይቀራል። አንዲት አሜባ ይህን ዓይነት ተቀባይ በአሥር ሺዎች ትይዛለች፤ በገላዋ ሁሉ ላይ እኩል ተበትነው ነው የሚገኙት። ይህችን "እኩል" የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ቆይታ ታስቸግረናለች።

ሳይክሊክ ኤኤምፒ ከውጭ በኩል ሲያርፍበት ጥልፉ ትንሽ ይጠማዘዛል። ከውጭ የተነካው ነገር ውስጥ ያለውን ቅርጽ ይለውጣል። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ ጂ ፕሮቲን የሚባል ባለ ሦስት ክፍል ፕሮቲን አለ፤ ክፍሎቹ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ይባላሉ። አልፋ ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ ጂዲፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ይዛ ነው። ተቀባዩ ሲጠማዘዝ አልፋ ጂዲፒን ትጥልና ጂቲፒን ትይዛለች፤ ያን ጊዜ ከጓደኞቿ ትለያለች። ቤታና ጋማ አብረው ይቀራሉ። የተለያዩት ሁለት ወገኖች እየራሳቸው ሌሎች ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳሉ። አልፋ የያዘችው ጂቲፒ ግን እንደ መብራት ካርድ ነው፤ ራሷ እየበላች ትጨርሰዋለች። ሲያልቅ ጂዲፒ ይሆናል፣ እሷም ወደ ጓደኞቿ ትመለሳለች። ማንም ሳያጠፋው በራሱ ጊዜ የሚጠፋ አምፖል ነው። የማጥፊያው ሰዓት ከማብሪያው ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ እዚህ ላይ ነው። መስማቷ ብዙም አይገርመኝም፤ ዝም ማለቷ ነው የሚገርመኝ።

ከጂ ፕሮቲን በኋላ መንገዱ ይበታተናል። በሥዕል ከሣላችሁት ቀስት በቀስት ላይ ተደራርቦ የሸረሪት ድር ይመስላል፤ ስለዚህ ሦስቱን ትልልቅ ጎዳናዎች ብቻ ልከተል።

አንደኛው የእንቅስቃሴ ነው። ጥሪው በመጣበት በኩል፣ ራስ የምትባል ፕሮቲን ትነቃለች (ስሟ ከአማርኛው ራስ ጋር አይዛመድም፤ የምትነቃበት ቦታ ግን ፊት ለፊት ነው)። እሷ ፒአይ3 ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ትቀሰቅሳለች፤ እሱም በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ ካለ ቅባት ፒአይፒ3 የሚባል ምልክት ይሠራል። ምልክቱ ባለበት ቦታ አክቲን ይገነባል፤ አክቲን ጡንቻችን ውስጥ ያለው ያው ፕሮቲን ነው። የተገነባው አክቲን ሽፋኑን ወደ ፊት ይገፋና አሜባዋ እግር ታወጣለች። ከኋላዋ ደግሞ ፒቴን የሚባል ኢንዛይም ያንን ምልክት ይፍቃል፣ ማዮሲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ጅራቷን ይሰበስባል። ፊቷ ይገፋል፣ ኋላዋ ይጎተታል። ነገሩ ያማረ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ ኮምፓሱ ይኸው ፒአይፒ3 ነው ተብሎ ታምኖ ነበር። በ2007 ግን የፒአይ3 ካይኔዝ አምስት ጂኖች በሙሉ የተነቀሉባቸው አሜባዎች አቅጣጫቸውን ሳይስቱ ሄዱ። ለካ ሌሎች መንገዶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አንዱ ሲዘጋ በሌላው ይኬዳል። ከካራ ወደ መገናኛ መንገዱ ሲዘጋ የታክሲው ሾፌር በየጓዳው መንገድ የሚያውቀውን ሁሉ አሜባም ታውቃለች።

ሁለተኛው ጎዳና የጥሪ ቅብብል ነው። እዚህ ላይ ቡቺንና በሩን ትተን ወደ እድር እንሂድ። ሰፈራችን ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ነፊው ይወጣል። ጥሩምባው ከአስፋልቱ ማዶ አይሰማም፤ ግን የሰማ ጎረቤት ላልሰማ ይነግራል፣ እሱም ለሚቀጥለው። አሜባም እንዲህ ናት። ጥሪ ስትሰማ አዴኒሊል ሳይክሌዝ የሚባል ኢንዛይሟ ይነሣና ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያመርታል፤ ካመረተችው አብዛኛውን ወደ ውጭ ትለቀዋለች። ጎረቤቷ ትሰማለች፣ እሷም ታመርታለች፣ እሷም ትለቃለች። ለዚህ ነው ጥሪው አንዲት ሕዋስ ብቻዋን ልታደርሰው ከምትችለው እጅግ ርቆ የሚሄደው። አምራቹ ኢንዛይም በብዛት የሚሰባሰበው በጅራቷ በኩል ነው፤ ከኋላዋ ያለችው አሜባ ጭራዋን ጭራዋን ትከተላለች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ መጨረሻ ላይ አሜባዎቹ ተቀጣጥለው እንደ ጅረት የሚፈሱት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጎዳና የጂኖቹ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ውስጥ የቀረው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የሚባል ኢንዛይም ያነሣል፤ እሱም ለሚቀጥለው የሕይወት ምዕራፍ የሚያስፈልጉ ጂኖች እንዲከፈቱ ያደርጋል። ማን አገዳ፣ ማን ስፖር እንደሚሆን የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዝምታው እንምጣ። ባለፈው ዓመት ከጎናችን ሕንፃ መሠራት ጀመረ። ብረት ቆራጩ ሥራውን በጀመረ ቀን ቡቺ እስኪደክመው ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ፤ መሽኑ እያንቋረረ እሱ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ይተኛል። ደንቁሮ ነው? አይደለም። መሽኑ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጆሮው ቀጥ ይላል፤ በር ሲንኳኳ ይነሣል። የለመደውን ድምፅ እንደ ዝምታ ቆጥሮ ከዚያ በላይ ላለው ብቻ ይነሣል።

አሜባም ሳይክሊክ ኤኤምፒ በእኩል መጠን ቢፈስባት በሰከንዶች ውስጥ ትነቃለች፣ አክቲኗ ይገነባል፣ ደቂቃ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆይቶ የሳይክሊክ ኤኤምፒ ምርቷ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ጥሪው ሳይቀንስ እሷ ትረጋጋለች። መጠኑ ሲጨምር እንደገና ትነቃለች። ይህ መላመድ የት ነው የሚሆነው? መጀመሪያ የተገመተው ተቀባዩ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ጥሪው ሲቆይ የተቀባዩ የውስጥ ጅራት ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጠፋል፣ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። ሆኖም ፎስፌት የሚለጠፍባቸው ቦታዎች የተነቀሉበት ተቀባይ ያላቸው አሜባዎችም ተላመዱ። በ2001 ደግሞ የጂ ፕሮቲን ክፍሎች ላይ የሚያበሩ ምልክቶች ተደርገው በቀጥታ ሲታዩ፣ ጥሪው እስካለ ድረስ ክፍሎቹ እንደተለያዩ መቆየታቸው ታወቀ። ጆሮው እየሰማ ነው፣ በር ጠባቂውም ነቅቷል፤ ዝም ያለው ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ቤት ነው። ልክ እንደ ቡቺ።

ይህን የሚያስረዳው የታወቀ ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ ጥሪው ሁለት ነገር አብሮ ይቀሰቅሳል። አንዱ የሚያነቃው ነው፤ ፈጣን ነው፣ ከተነካበት ቦታ አይርቅም። ሌላው የሚያረጋጋው ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን በሕዋሱ ሁሉ ይዳረሳል። ጥሪው በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ የሚያረጋጋው ደርሶ የሚያነቃውን ይተካከለዋል፤ ሕዋሱም ዝም ይላል። በአንድ በኩል ከበረታ ግን እዚያ በኩል የሚያነቃው ከአማካዩ ማረጋጊያ በላይ ይሆናል፣ በሌላው በኩል ከአማካዩ በታች። ፊትና ኋላ የሚለየው በዚህ ነው። ያቺ "እኩል" ያልኳችሁ ቃል መልሷ እዚህ ነው። ተቀባዮቿ በገላዋ ላይ እኩል ቢበተኑም፣ በፊትና በኋላዋ ያለው የጥሪ ልዩነት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ውስጧ ያቺን ቅንጣት ልዩነት አጉልቶ ወደ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ይለውጣታል። ከመቶ ሰው ሃምሳ አንዱ ወደ ግራ፣ አርባ ዘጠኙ ወደ ቀኝ ሲጠቁሙ ሁሉም ወደ ግራ እንደመሄድ።

ዝምታው ከሌለ ሌላም ጣጣ አለ። ጥሪው ከማዕከሉ እንደ ኩሬ ሞገድ በየ6 ደቂቃው ገደማ እየተነሣ ወደ ውጭ ይሰፋል። ሞገዱ ወደ እናንተ ሲመጣ መጠኑ እየጨመረ ነው፤ የሚበረታውም በማዕከሉ በኩል ስለሆነ ወደዚያ ትሄዳላችሁ። ጥሩ። ሞገዱ ካለፋችሁ በኋላ ግን የሚበረታው ከኋላችሁ ነው፤ ጫፉ አልፏችሁ ወደ ውጭ እየሄደ ነዋ። ዝም ብሎ ብርታት የሚከተል ፍጥረት እዚህ ላይ ዞሮ ሞገዱን ወደ ውጭ ያሳድደው ነበር፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ሦስት እርምጃ መመለስ ነው። አሜባ አትመለስም። ሞገዱ ሲወርድ ተላምዳለች፤ ለሚጨምር እንጂ ለሚቀንስ ጥሪ አትነሣም። ፊት የነበረው ጎኗም ለጥቂት ጊዜ ፊት ሆኖ ይቆያል። የሚቀጥለው ሞገድ እስኪመጣ ትረጋጋለች፣ ሲመጣ እንደገና ወደ ማዕከሉ ትራመዳለች። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ መንገዱን የሚጠርግ። እያንዳንዷ አሜባ የለቀቀችው ሳይክሊክ ኤኤምፒ እዚያው ቢጠራቀም ሁሉም በአንድ ጭጋግ ውስጥ ይሰጥማሉ፤ ሞገድ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ፎስፎዳይስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታሉ፤ ከፊሉ ገላቸው ላይ ይጣበቃል፣ ከፊሉ ውጭ ይለቀቃል፤ ሥራውም የተጠራውን ጥሪ መቁረጥ ነው። የዚህ ኢንዛይም ጂን የጠፋባቸው አሜባዎች መሰብሰብ ያቅታቸዋል። ጥሩምባው ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ቢነፋ ማን እንደሞተ፣ ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ ጎረቤት አይኖርም።

ለአገሬ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ቡና እኛን ይሰበስባል፤ ጀበናው ከተጣደ ጎረቤት ይጠራል። አሜባን ግን ይበትናታል። ላብራቶሪ ውስጥ በቂ ካፌይን ሲጨመርባቸው ተቀባዮቻቸው ጥሪውን ይይዛሉ፣ አዴኒሊል ሳይክሌዛቸው ግን አይነሣም፤ ሰምተው አያስተላልፉም። ተመራማሪዎች አሜባዎቹን ጸጥ ማሰኘት ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት የተለመደ ዘዴ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት "ቡናችንን ለነሱም አደረሳችሁ?" አለችኝ።

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ሰባት ጊዜ ሽፋኑን የሚወጉ ተቀባዮች የሰው ልጅ ጂኖች ውስጥ 800 ገደማ ዓይነት አሉ። ብርሃን የምናየው፣ ሽታ የምናሸተው፣ አድሬናሊን ልባችንን የሚያስመታው በነሱ ነው፤ ከምንወስዳቸው መድኃኒቶች ሲሶ ያህሉ የሚያነጣጥሩት እነሱ ላይ ነው። በ1994 ጂ ፕሮቲንን ያገኙት ጊልማንና ሮድቤል፣ በ2012 ደግሞ ተቀባዮቹን ያጠኑት ሌፍኮዊትዝና ኮቢልካ ኖቤል ተሸልመዋል። ቁስል ሲመረቅዝ ነጭ የደም ሕዋሳችን ባክቴሪያውን አሽትቶ የሚሳበው አሜባዋ በምትሳብበት መንገድ ነው፤ ከላይ የተናገርኳቸው ራስ፣ ፒአይፒ3ና አክቲን እዚያም አሉ።

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት አስም አለባቸው። የኛ ሰፈር አቧራና የማገዶ ጭስ ለደረት አይመችም፤ ሰማያዊዋን የሚነፋ መድኃኒት ከነጠላቸው ሥር አይለዩአትም። ውስጧ ሳልቡታሞል ነው። ሳልቡታሞሉ የአየር ቧንቧቸው ጡንቻ ላይ ካለው፣ ሰባት ጊዜ ከሚወጋው ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ከውስጥ በኩል ጂ ፕሮቲን ይለያያል፣ አዴኒሊል ሳይክሌዝ ይነሣል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይመረታል፣ ጡንቻው ይላላል፣ እትዬ ይተነፍሳሉ። መላመዱም እዚያ አለ፤ ያለ እረፍት በብዛት ከተወሰደ ተቀባዮቹ እየደከሙ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ይህንኑ ሳስረዳቸው "እና የማን ዘመድ ነኝ እያልከኝ ነው?" አሉኝ። የአሜባ ነው ለማለት አልደፈርኩም።

ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ጨርሼ ጠመኔዬን ሳስቀምጥ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ሁሉም የሚጮኹት ሰምተው ከሆነ፣ መጀመሪያ የጮኸው ማንን ሰምቶ ነው?"

ጥያቄው የሳይንስ ሰዎችንም አከራክሯል። ለረጅም ጊዜ አንዲት ለየት ያለች፣ የምትጠራ አለቃ አሜባ አለች ተብሎ ይታሰብ ነበር። ኤቭሊን ፎክስ ኬለርና ሊ ሴግል በ1970 በሒሳብ ቀምረው ሲያዩት አለቃ ሳይኖር ጉባኤው ሊጀመር እንደሚችል አሳዩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው በትንሽ አጋጣሚ አንዱ ቦታ ከሌላው ጥቂት ከበረታ ይበቃል። በ2010 ደግሞ ሕያዋን አሜባዎች ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒው ሲመረት በብርሃን ምልክት ሲከታተሉት፣ ዙሪያቸው ያለው መጠን ዝቅተኛ ሳለ አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ አልፎ አልፎ በዘፈቀደ እንደሚጮኹ ታየ። ጩኸቱ እየተጠራቀመ መጠኑ ጥቂት ከፍ ሲል ሁሉም በአንድ ላይ፣ በአንድ ምት መምታት ጀመሩ። ተመርጣ የተሾመች አልነበረችም።

ለልጁ "እዚህ ላይ የእድሩ ምሳሌዬ ተሰበረ" አልኩት፤ "የኛ ጥሩምባ ነፊ በእድሩ የተመደበ ነው፣ ስሙም መዝገብ ላይ አለ። እነሱ ጋ ግን የራበው ሁሉ ጥሩምባ ይዟል።"

"ታዲያ ቲቸር" አለኝ፣ "መዝገቡ ማን ጋ ነው?"

ደወሉ ተደወለ።